ፈሪው ባለታሪክ፤ «የአስማት ቀለም» በተሰኘው ልብ ወለድና በአንባቢያኑ ክርክር ላይ የቀረበ ሂስ

አንድ የሥነ ጽሑፍ ሥራ ታትሞ ለሕዝብ ከቀረበበት ዕለት ጀምሮ የደራሲው ብቻ መሆኑ ያበቃል። አንባቢው እንደ ዕውቀቱ፣ እንደ ኑሮ ልምዱና እንደ ዘመኑ መንፈስ ይመረምረዋል፤ ይቀበለዋል ወይም ይነቅፈዋል። ሥራው አስቂኝ በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ የአስተያየቱ ልዩነት ይበልጥ ይሰፋል። ሰውን የሚያስለቅሰው ጉዳይ፣ ሞትም ይሁን ረኀብ፣ ከአገር አገር ብዙ አይለያይም፤ ሰውን የሚያስቀው ግን በቋንቋ፣ በልማድና በአስተዳደግ የታጠረ ነው። አንዱ እንባው እስኪወርድ የሳቀበትን ገጽ ሌላው ፊቱን ሳይፈታ አንብቦ ያልፈዋል። ስለዚህም አስቂኝ ድርሰትን የሚመረምር ሐያሲ «ያስቃል ወይስ አያስቅም?» በሚለው ጥያቄ ላይ ብቻ ቢቆም የትም አይደርስም፤ «በማን ላይ ያስቃል? ስለምንስ ያስቃል?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

እንግሊዛዊው ደራሲ ቴሪ ፕራቼት እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተመው «የአስማት ቀለም» የተሰኘው ልብ ወለድ ለዚህ ዓይነቱ ምርመራ የተመቸ ነው። መጽሐፉ ከታተመ አራት አሥርት ዓመታት ቢያልፉም አንባቢያኑ እስከ ዛሬ በሁለት ነገሮች አይስማሙም። አንደኛው፣ መጽሐፉ በእርግጥ የተሟላ ልብ ወለድ ነው ወይስ እርስ በርሳቸው የተቀጣጠሉ ቀልዶች ክምችት? የሚለው ነው። ሁለተኛውና ከባዱ፣ ሪንስዊንድ የተባለው፣ ከአደጋ ሁሉ እየሸሸ የሚኖር ፈሪ ሰው የአንድ ታላቅ ትረካ ዋና ባለታሪክ ለመሆን ይበቃልን? የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የተከራካሪዎቹን ወገኖች አስተያየት መዝኖ፣ በተለይ ሁለተኛው ጥያቄ ከአንድ መጽሐፍ አልፎ ስለ ጀግንነት ያለንን አስተሳሰብ እንዴት እንደሚነካ ማሳየት ነው።

ደራሲውና ድርሰቱ

ፕራቼት የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ በአንድ የአካባቢ ጋዜጣ ተቀጠረ፤ ኋላም በእንግሊዝ ማዕከላዊ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ቦርድ የኑክሌር ጣቢያዎችን ጉዳይ ለጋዜጠኞች የሚያስረዳ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ሆነ። «የአስማት ቀለም» የታተመው ደራሲው በዚሁ መሥሪያ ቤት ደመወዝተኛ ሳለ ሲሆን፣ በብዕሩ ብቻ መተዳደር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ይህን መጥቀሳችን ያለ ምክንያት አይደለም። በመግለጫ ላይ የሚሰፍረው ቃልና የነገሩ እውነት ምን ያህል ሊራራቁ እንደሚችሉ በሥራው ያየ ሰው፣ ታላላቅ ቃላትን በጥርጣሬ የሚሰማ ባለታሪክ ቢፈጥር አያስደንቅም። ደራሲው እ.ኤ.አ. በ2015 ሲሞት፣ በዚህ መጽሐፍ የጀመረው «ዲስክወርልድ» የተሰኘው ተከታታይ ሥራ፣ ከሞቱ በኋላ የታተመውን የመጨረሻውን ጨምሮ አርባ አንድ ልብ ወለዶች ደርሶ ነበር።

ድርሰቱ የሚካሄድበት ዓለም እንደ ምጣድ ክብና ጠፍጣፋ ነው። ምጣዱን አራት ዝሆኖች ተሸክመውታል፤ ዝሆኖቹ የቆሙት ደግሞ በጠፈር ውስጥ በሚዋኝ አንድ ግዙፍ ኤሊ ጀርባ ላይ ነው። በዚህ ዓለም ከሁሉ የሚበልጠውና ከሁሉ የሚቆሽሸው ከተማ አንክ-ሞርፖርክ ይባላል። ሪንስዊንድ በዚሁ ከተማ በሚገኘው «የማይታየው ዩኒቨርሲቲ» አስማት ሲማር በውርርድ ተገፋፍቶ የተከለከለ መጽሐፍ ይከፍታል። ከመጽሐፉ ስምንት ታላላቅ ድግምቶች አንዱ ዘሎ በአእምሮው ውስጥ ይመሽጋል፤ ሌሎች ድግምቶችም ይህን አስፈሪ ጎረቤት ሸሽተው ወደ ራሱ ሊገቡ እምቢ ይላሉ። ስለዚህም ሪንስዊንድ አንድም አስማት የማይሠራ አስማተኛ ሆኖ ከትምህርት ቤቱ ይባረራል። በኋለኞቹ መጻሕፍት የሙያውን ስም በቆቡ ላይ ጽፎ ይዞራል፤ እሱንም ቢሆን ፊደሉን አሳስቶ ነው የጻፈው።

ታሪኩ የሚጀምረው ቱፍላወር የተባለ አገር ጐብኚ ከሩቁ የአጋቲያን ግዛት በመርከብ ሲመጣ ነው። ቱፍላወር በአገሩ የመድን ድርጅት ጸሐፊ ነው። ወርቁን የጫነበት ሣጥን በመቶ በሚቆጠሩ ትናንሽ እግሮች እየተራመደ ይከተለዋል፤ ባለቤቱን የተዳፈረውንም ይውጣል። ጐብኚው ስለ ጀግኖች ብዙ ሰምቷልና የመጠጥ ቤት ጠብ፣ የጐራዴ ፍልሚያና ዘንዶ በዓይኑ ማየት ይሻል። ሪንስዊንድ ቋንቋ የማወቅ ተሰጥዎ ስላለው አስተርጓሚና መሪ ሆኖ ይቀጠራል፤ ቅድሚያ ክፍያውን ተቀብሎ ሊጠፋ ሲል የከተማው ገዥ ይይዘውና ጐብኚውን የመጠበቅ ግዴታ ይጥልበታል። በዚህ መካከል ቱፍላወር በአገሩ ልማድ ለመጠጥ ቤቱ ባለቤት የእሳት መድን ይሸጥለታል። ባለቤቱም ከቤቱ ይልቅ ካሣው እንደሚበልጥ አስልቶ ቤቱን ሊያቃጥል ይሰናዳል፤ በተነሣው እሳትም ከተማይቱ ትነዳለች። ሁለቱ ሰዎች ከቃጠሎው ሸሽተው ስምንት ቁጥርን መጥራት ወደሚያስቀስፍበት የጣዖት ቤት፣ ከዚያም ዘንዶዎች በሰው ምናብ ኃይል ወደሚኖሩበት የተዘቀዘቀ ተራራ፣ በመጨረሻም ወደ ዓለም ጠርዝ ይደርሳሉ። መጽሐፉ የሚያበቃው ሪንስዊንድ ከጠርዙ ወደ ጠፈር ሲወድቅ ነው። መትረፉን ለማወቅ የፈለገ አንባቢ እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመውን ተከታይ መጠበቅ ነበረበት።

ስለ መጽሐፉ አሠራር የሚነሣው ክርክር

የመጀመሪያው ወገን መጽሐፉን በፍቅር የሚመለከተው ነው። የእንግሊዝ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን (ቢቢሲ) እ.ኤ.አ. በ2003 ሕዝቡ የሚወዳቸውን ልብ ወለዶች እንዲመርጥ ባደረገ ጊዜ «የአስማት ቀለም» ዘጠና ሦስተኛ ሆኗል። ሆኖም ከዚሁ ወገን ውስጥ አንድ እንግዳ ነገር እናያለን። ደራሲውን አጥብቀው ከሚወዱት አንባቢያን ብዙዎቹ ለአዲስ አንባቢ የሚሰጡት ምክር «በዚህ መጽሐፍ አትጀምር» የሚል ነው። እነርሱ እንደሚሉት፣ የፕራቼት ብዕር የበሰለው በኋለኞቹ ሥራዎቹ ሲሆን፣ የመጀመሪያው መጽሐፍ ቀልድ ከቀልድ እያያዘ ከመሮጥ በቀር ወጥ የሆነ ሴራ የለውም።

ሁለተኛው ወገን አስቂኝና ምናባዊ ድርሰትን ከቁም ነገር የማይቆጥረው ነው። ደራሲው በሞተበት ዓመት አንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ ሐያሲ ፕራቼት የታላላቅ ደራስያን ጊዜ ሊሻማ እንደማይገባው ጽፎ ብዙ ክርክር አስነሥቷል፤ በዚያው ጽሑፉ ግን ከደራሲው ልብ ወለዶች አንዱንም እንዳላነበበ አምኗል። ሳያነቡ መፍረድ ሂስ ሊባል አይችልም። ይሁን እንጂ የዚህ ሰው ስሕተት መጽሐፉን ከማንኛውም ነቀፋ ነፃ አያወጣውም።

ነገሩን ረጋ ብለን ስንመረምር የመጽሐፉ አራት ክፍሎች እያንዳንዳቸው በሌላ ሰው ድርሰት ላይ የሚሳለቁ መሆናቸውን እንረዳለን። በመክፈቻው ላይ የምትቃጠለውን ከተማ ከኮረብታ ሆነው የሚመለከቱት ሁለት ጀብደኞች፣ አሜሪካዊው ፍሪትዝ ላይበር እ.ኤ.አ. ከ1939 ጀምሮ ሲጽፍላቸው የኖሩት ባልንጀሮች ጥላ ናቸው። የጣዖት ቤቱ የላቭክራፍትን አስፈሪ ታሪኮች፣ የዘንዶዎቹ ተራራ የአን ማካፍሪን ድርሰቶች ያስታውሳል። ጡንቻው የፈረጠመው ሕሩን ደግሞ ሮበርት ሃዋርድ እ.ኤ.አ. በ1932 ለአንባቢ ያቀረበው የኮናን የቅርብ ዘመድ ነው። እነዚህን ያነበበ ሰው በየገጹ የሚያውቀውን ፊት ተኮማትሮ ሲያገኘው ይስቃል። ያላነበበው ግን ጫጫታውን እንጂ ቀልዱን አይሰማም፤ ሙሽራውን በማያውቁበት ሠርግ ላይ የቀረበ ጨዋታ ይሆንበታል። ከአስተያየቱ ልዩነት ከፊሉ የሚመነጨው እንግዲህ ከጣዕም ሳይሆን ከቀድሞ ንባብ ነው።

ሴራውም ቢሆን ደካማ ጎን አለው። ከሁለተኛው ክፍል ጀምሮ አማልክት በሰዎች ዕጣ ላይ ጠጠር እየጣሉ ሲጫወቱ ይታያሉ፤ ሪንስዊንድም በዕድል እመቤት እጅ ያለ መጫወቻ ነው። ይህ ዘዴ ለደራሲው እጅግ ይመቸዋል፤ ባለታሪኩ ጥግ ሲይዝ ጠጠሩ በመልካም ፊቱ ይወድቅና ይድናል። ለአንባቢው ግን አደጋው ሁሉ ክብደት ያጣበታል። በዚህ ረገድ «ቀልዱ ሴራውን ውጦታል» የሚሉት አንባቢያን ተሳስተዋል ማለት አይቻልም።

ነገር ግን የአሠራሩ ድክመት የሐሳብ ባዶነት ምልክት ተደርጎ መወሰድ የለበትም። የመድኑን ታሪክ መለስ ብለን እንመልከት። ቱፍላወር ክፉ ሰው አይደለም፤ ቅን፣ ለጋስና ሰው አማኝ ነው። ከበለጸገ አገር የመጣ አንድ ቅን ሰው፣ ወርቅ እንደ ጠጠር የሚረክስበትን የአገሩን ዋጋና ልማድ ሳያላምድ ወደ ሌላ አገር ይዞ ይገባል፤ ሦስት ቀን ሳይሞላ ከተማው ዐመድ ይሆናል። እርሱ ራሱ ግን የሚያየው ነገር ሁሉ እርሱን ለማስደሰት የተሰናዳ ትርኢት ይመስለዋልና ምንም አይነካውም። ይህን የጻፈ ሰው የሚሳለቀው በዘንዶ ላይ አይደለም፤ የሌላውን ሰው ኑሮ እንደ ቴያትር በሚመለከት ባለገንዘብ ዓይን ላይ ነው። እንዲህ ያለው ስላቅ እ.ኤ.አ. በ1726 ከታተመው ከጆናታን ስዊፍት የጋሊቨር ጉዞ ጋር የሥጋ ዝምድና አለው።

ፈሪው ሪንስዊንድ

አሁን ወደ ዋናው ክርክር እንግባ። ሪንስዊንድን የሚነቅፉ አንባቢያን ሦስት ክሶች ያቀርቡበታል። አንደኛ፣ ይሸሻል እንጂ አይሠራም፤ ነገሮች በእርሱ ላይ ይደርሳሉ እንጂ እርሱ ነገሮችን አያደርስም። ሁለተኛ፣ አይለወጥም፤ በመጀመሪያው ገጽ የነበረው ሰው በመጨረሻው ገጽም ያው ነው። ሦስተኛ፣ ደራሲው ኋላ የፈጠራቸው ባለታሪኮች፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1989 ብቅ ያለው የከተማ ዘበኞች አለቃ ሳሙኤል ቫይምስ፣ በኅሊና ትግላቸው እጅግ ይበልጡታል፤ እርሱ አዲሱን ዓለም ለአንባቢው የሚያስጐበኝ መሪ ከመሆን አያልፍም። ወዳጆቹ በበኩላቸው «በምናብ ድርሰቶች ውስጥ ካሉት ሰዎች እኛን የሚመስለው እርሱ ብቻ ነው፤ ዘንዶ ብናይ እኛም የምናደርገው ይህንኑ ነው» ይላሉ።

የዚህ ክርክር አንዱ ሥር በቋንቋ ላይ ነው። የእንግሊዝኛው «ሂሮ» ሁለት ትርጉም አለው፤ የድርሰት ዋና ሰውም፣ በጦር ሜዳ የዋለ ጀግናም በዚሁ በአንድ ቃል ይጠራሉ። ስለዚህ የእንግሊዝኛ አንባቢ ፈሪ ሰውን በድርሰቱ መካከል ሲያገኘው ቃሉ ራሱ ይጣላበታል። በእኛ ቋንቋ ባለታሪክና ጀግና ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። አንድ ሰው ጀግና ሳይሆን ባለታሪክ ሊሆን እንደሚችል ቃላቱ አስቀድመው ይነግሩናል። ይሁንና ቃሉ የሰጠንን ነፃነት በተግባር ተጠቅመንበታል ለማለት ያዳግታል። በፉከራችንና በሽለላችን ውስጥ ፈሪ የሚነሣው ሊሰደብ ብቻ ነው፤ ስለ ራሱ የሚናገርበት ተራ አይሰጠውም። «ፈሪ ለእናቱ» ስንል በመሣለቅ ነው። አባባሉ ግን ሌላ ፊትም አለው፤ ፈሪው ወደ እናቱ የተመለሰ ልጅ ነው። ይህን ሁለተኛውን ፊት እናት ሁሉ ታውቀዋለች፤ ፎካሪው ግን አይዘምረውም።

ሪንስዊንድን በትክክል ለመመዘን ከጐኑ ከቆሙት ጋር ማነጻጸር ይበጃል። በጣዖት ቤቱ ውስጥ ሦስት ሰዎች አንድን አደጋ ይጋፈጣሉ። ሕሩን የሚያየው ሀብትና ፍልሚያ ነው። ቱፍላወር የሚያየው ለአገሩ ልጆች የሚተርከውን ታሪክ ነው። ሪንስዊንድ የሚያየው ሞትን ነው። ከሦስቱ ነገሩን እንደሆነው ያየው እርሱ ብቻ ነው። ጭራቁን የሚያሸንፈውም የሕሩን ተናጋሪ ጐራዴ ሳይሆን፣ በፈሪው እጅ የገባው የጐብኚው ፎቶግራፍ ማንሻ ሣጥን ድንገተኛ ብልጭታ ነው። ደራሲው ሞትን ራሱን ገጸ ባሕርይ አድርጎ በየምዕራፉ ሪንስዊንድን እያሳደደ ሲያመጣውም ቀልድ ብቻ አይደለም። ጀግኖቹ ሞትን የሚያውቁት በዘፈን ውስጥ ነው፤ ፈሪው ግን በመልኩ ያውቀዋል። ፍርሃት በዚህ ድርሰት ውስጥ የማወቂያ መሣሪያ ነው።

ይህን መሰል ባለታሪክ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ሰርቫንቴስ እ.ኤ.አ. በ1605 እና በ1615 ባሳተማቸው ሁለት ክፍሎች፣ በጀግና ታሪክ የሰከረውን ዶን ኪኾቴንና መሬት የረገጠውን ሳንቾን አጣምሮ አስጉዟል። ቱፍላወርና ሪንስዊንድ የእነርሱ ልጆች ናቸው። ልዩነቱ ሳንቾ ጌታውን የሚከተለው አገረ ገዥ እሆናለሁ በሚል ተስፋ ሲሆን፣ ሪንስዊንድ የሚከተለው ተገድዶ መሆኑ ነው። ቼካዊው ያሮስላቭ ሃሼክም እ.ኤ.አ. ከ1921 እስከ 1923 በጻፈው ድርሰት ትእዛዝን ከልክ በላይ በመፈጸም የንጉሠ ነገሥቱን ጦር መሣቂያ የሚያደርገውን ወታደር ሽቬይክን ሰጥቶናል። የሽቬይክ ቂልነት የተነጣጠረው በግልጽ በሚታወቅ አንድ ኃይል ላይ ነው። የሪንስዊንድ ፍርሃት የተነጣጠረው በምን ላይ ነው? ለዚህ ጥያቄ የመጀመሪያው መጽሐፍ ሙሉ መልስ አይሰጥም። መልሱን ለማግኘት ባለታሪኩን ወደ ኋለኞቹ መጻሕፍት መከተል ያስፈልጋል።

ለምን መሞት ይገባል?

እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመው «አስደሳች ዘመናት» በተባለው መጽሐፍ ሪንስዊንድ በቱፍላወር አገር ራሱን ያገኛል። ቱፍላወር ወደ አገሩ ተመልሶ ስለ ዕረፍት ጉዞው ትንሽ መጽሐፍ ጽፎ ኖሯል። ሰው ያለ ግርፋትና ያለ አጥር የሚኖርበት ሌላ አገር መኖሩን ያላወቁ ወጣቶች ይህን የዋህ የጉዞ ማስታወሻ በድብቅ ይቀባበሉታል፤ የአብዮት መጽሐፋቸው ይሆናል። ሪንስዊንድንም ታላቁ አስማተኛ ነው ብለው ይቀበሉታል። እርሱ ግን ለዓላማቸው ለመሞት የተዘጋጁትን ልጆች አይቶ ይደነግጣል። ሊሞቱለት የሚገባ ዓላማ የለም ብሎ ይከራከራቸዋል፤ ዓላማ በየመንገዱ ጥግ ይገኛል፣ ሕይወት ግን አንዲት ናት፤ የክርክሩ ፍሬ ይህ ነው።

የአንባቢያን ልዩነት ጫፍ የሚደርሰው በዚህ ሥፍራ ነው። ገሚሱ «ይህ የከዳተኛ ፍልስፍና ነው» ይላል። ሰዎች ሁሉ እንደ ሪንስዊንድ ቢያስቡ ኖሮ የትኛው ባርነት በተወገደ፣ የትኛው ወራሪ በተመለሰ? ጥያቄው ከባድ ነው፤ በቀልድ ሊታለፍም አይገባም። አገሩን በደም ያቆመ ሕዝብ ልጅ ይህን አንብቦ ቢቆጣ ቁጣው የሚገባ ነው። ገሚሱ ደግሞ በዚያው ንግግር ውስጥ የተለየ ድምፅ ይሰማል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በየከተሞቻችን ወጣቶች በመፈክር ልዩነት ሲገዳደሉና ሲገደሉ ያየ፣ ወይም ከታላላቆቹ የሰማ ኢትዮጵያዊ አንባቢ፣ በዚህ ምዕራፍ ላይ እንደ ሌላው አገር አንባቢ ብቻ ሊስቅ አይችልም። አንድ ፈሪ ሰው ቀርቦ «ልጆች፣ ወደ እናቶቻችሁ ግቡ» ባላቸው ኖሮ የሚል ሐሳብ ሳይወድ በግድ ይመጣበታል።

የትኛው ወገን ነው ትክክል? የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እንደሚያምነው፣ ፍርዱን መስጠት የሚቻለው ባለታሪኩ የሚናገረውን ከሚሠራው ጋር በማስተያየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በታተመው «ሶርሰሪ» በተባለው መጽሐፍ ወሰን የለሽ ኃይል የያዘ አንድ ልጅ በሟች አባቱ መንፈስ እየተነዳ ዓለምን ወደ ጥፋት ይገፋል። ኃያላን አስማተኞች ገሚሶቹ ይገብሩለታል፣ ገሚሶቹም እርስ በርሳቸው ይፋጃሉ። በዚህ ሰዓት ልጁን ለመግጠም የሚሄደው ሪንስዊንድ ነው፤ የያዘው መሣሪያም በካልሲ ውስጥ የገባ ግማሽ ጡብ ነው። በመጨረሻም ልጁ ከጥልቁ ዓለም ጭራቆች እንዲያመልጥ፣ «ሩጥ» ብሎ እርሱን አስቀድሞ፣ ራሱ በአሸዋ የተሞላ ካልሲ ይዞ ወደ ኋላ ይቀራል። ዕድሜውን ሁሉ ሲሮጥ የኖረው ሰው ያን ጊዜ የመሮጥን ዕድል ለሌላው ይሰጣል።

እንግዲህ ሪንስዊንድ እምቢ የሚለው ለቃል መሞትን ነው። ለሰው፣ ያውም ፊት ለፊቱ ለቆመ ሕፃን፣ ሲሆን ግን እግሩ እየተንቀጠቀጠ ይቆማል። አይፎክርም፤ ከቆመ በኋላም ጀግና ነኝ አይልም። በዚህ ዓይን ሲታይ የፍርሃቱ ዒላማ ግልጽ ይሆናል፤ የሰውን ሕይወት ለታሪክ ማድመቂያ የሚጠይቅ ትረካን ሁሉ ነው የሚሸሸው። የሚሸሽ ሁሉ ከዳተኛ አይደለም፤ የሚፎክር ሁሉም ጀግና አይደለም። ከባዱ ጥያቄ «ፈርተሃል ወይስ አልፈራህም?» ሳይሆን «ስትፈራ ማንን ጥለህ ሄድክ?» የሚለው ነው። ሪንስዊንድን በዚህ ሚዛን ብናስቀምጠው ቀላል ሆኖ አይገኝም።

ይህን ስንል የወራሪውን ነገር አልዘነጋንም። ደጁን የሚጠብቅ ሰው ፊት ለፊቱ ላለች እናቱና ለልጁ ነው የሚቆመው፤ ለባዶ ቃል አይደለም። ለሰው የሚደረግን መሥዋዕትነት ለቃል ከሚደረገው ለይቶ ማየት መሥዋዕትነትን ማቃለል አይሆንም፤ ዋጋውን መጠበቅ ነው።

ሊታለፉ የማይገባቸው ጉድለቶች

ባለታሪኩን ስናደንቅ ድርሰቱን ከነጉድለቱ ማየት ይገባናል። በ«የአስማት ቀለም» ውስጥ የዘንዶዎቹ ተራራ ወራሽ የሆነችው ሊሳ ብልኅና ደፋር ብትሆንም ደራሲው ያቀረባት ገላዋን በሚያሳይ ጥቂት ልብስ ነው። ደራሲው በዚህ የሚሳለቀው ሴቶችን እንዲህ በሚያቀርቡ ርካሽ ድርሰቶች ላይ መሆኑ ይገባናል። ነገር ግን በሚነቅፈው ነገር ራሱም ተጠቃሚ የሆነ ስላቅ በግማሽ እግሩ ያነክሳል። ከአራት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1987 በታተመው መጽሐፍ እማማ ዌዘርዋክስን የመሰለች ጠንካራ አሮጊት መፍጠሩ ይህን ጉድለት ራሱ እንደተረዳው ያመለክታል።

የቱፍላወር አገር ሥዕልም ብዙ አንባቢያንን ቅር አሰኝቷል። አጋቲያን ግዛት ከቻይናና ከጃፓን በተለቃቀሙ የተለመዱ ምስሎች የተሠራ ነው፤ «አስደሳች ዘመናት» ውስጥም ሕዝቡ ታዛዥ መንጋ ሆኖ የሚታይባቸው ገጾች አሉ። ስለ ሩቅ ሕዝብ በሩቅ ሆኖ የሚቀለድ ቀልድ አደጋው የት እንደሆነ፣ ሌሎች ስለ እኛ ሲቀልዱ ያነበብን ሁሉ እናውቀዋለን። በጐብኚ ዓይን ላይ የተሳለቀ ደራሲ አንዳንድ ጊዜ ራሱ ጐብኚ ሆኖ መገኘቱ ሊነገር ይገባል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ፍርድ የሚከተለው ነው። «የአስማት ቀለም» እንደ ሴራ ልል፣ እንደ ስላቅ ግን ስለታም የሆነ የመጀመሪያ ሙከራ ነው። በሴራው ያዘኑት አንባቢያንም፣ በቀልዱ የተደሰቱትም እውነት አላቸው። በሪንስዊንድ ላይ የሚነሣው ክርክር ግን በ«ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» የሚዘጋ አይደለም። ባለታሪኩ የተናገረውን ብቻ የሰማ ይንቀዋል፤ የሠራውን ያየ ያከብረዋል። በክፍል ውስጥ ድርሰት የሚያስተምሩ መምህራን ለተማሪዎቻቸው ሊያቀርቡት የሚገባው ዋና ጥያቄም ይኸው በቃልና በሥራ መካከል ያለው ርቀት ነው። ሕዝብን ለታላቅ ሥራ የማነሣሣት ኃላፊነት ያለባቸውም ቢሆኑ፣ ቃል ሲጠሩ በቃሉ የሚሞተው ማን እንደሆነ ከዚህ አስቂኝ ሰው ሊማሩ ይችላሉ።

መጽሐፉን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ተርጓሚ ካለ አንድ ነገር ልብ ሊለው ይገባል። ደራሲው የመድንን ስም ሰባብሮ ሌላ ትርጉም ያወጣለታል፤ የምጣኔ ሀብትንም ስም እንዲሁ። ይህን ቃል በቃል የሚመልስ ሰው ቀልዱን ይቀብረዋል። በሰምና ወርቅ የተፈተነ፣ ኅብረ ቃልን ከልጅነቱ የለመደ ጆሮ ግን ቃሉን ትቶ ጨዋታውን ሊያመጣው ይችላል፤ የአማርኛ ቋንቋ ለዚህ የሚሆን መሣሪያ አያጣም።

ለደራስያኖቻችን የሚቀረው ትምህርት ከዚህም ይልቃል። በጀግኖቻችን ብዙ ጽፈናል፤ ወደፊትም እንጽፋለን። ከጦር ሜዳው ዳር ቆሞ እየተንቀጠቀጠ የነበረውን፣ ሞትን በመልኩ ያየውን፣ ግን የወደቀውን ጓደኛውን ጎትቶ የወጣውን ሰው ግን ገና አልጻፍነውም። እርሱ ሲፎክር አልተሰማም፤ ስለዚህም ስሙን የያዘው የለም። እናቱ ግን መመለሱን ታውቃለች፤ ጎትቶ ያወጣው ጓደኛው እናትም ታውቃለች።